ስልክ ሰው አይሸኝም

ትርሲት፣ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል። የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባም እስካሁን ይምታታብኛል፤ ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት ለጥቂት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የተሳሳተውን እያቃናሽ አንብቢልኝ። በአፌ ብነግርሽ ይሻል ነበር። ግን ሰው ፊት ስሆን፣ አንቺም ፊት ቢሆን፣ ቃሉ አይወጣልኝም።

ባለፈው ቅዳሜ እናንተ ቤት ፀጉርሽን ስሠራሽ ስልክሽን አልጋው ላይ ወረወርሽው። «ይሄ ነገር የዓለምን አንደኛ ቼዝ ተጫዋች እንኳ የሚያሸንፍ ከሆነ፣ እኔ በቼዝ ከትምህርት ቤት አንደኛ ወጣሁ አልወጣሁ ምን ይፈይዳል?» አልሽ። የጠየቅሽው እኔን አልነበረም፣ ጣሪያውን ነበር። ጣሪያው ስላልመለሰልሽ እኔ ልመልስልሽ። በቀጥታ መናገር ስለማልችልበት በምሳሌ ነው የምመልሰው።

አንድ ሰው ነበረ፤ ፀጉር አስተካካይ ነበረ። ሱቁ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት ደግሞ የቼዝ ሰሌዳ ነበረ። ሰሌዳው በጋለ ብረት የተሰመረ ጣውላ ነው። መጫወቻዎቹ ከየቦታው የተለቃቀሙ ናቸው። ከጥቁሮቹ ወታደሮች አንዳንዶቹ የለስላሳ ቆርኪ ነበሩ። ከነጮቹም አንዱ ወታደር ጠፍቶ በእሱ ቦታ ብሎን ቆሞ ነበር።

በዚያ ከተማ ፀጉር አስተካካዩን በቼዝ የሚችለው አልነበረም። ጨዋታው ጥሩ ነበር፤ ምላሱ ግን ከጨዋታው ይብስ ነበር። ባላጋራው እጁን ወደ ሰሌዳው ሲዘረጋ፣ «እሷን ነው የምታነሳት? አንሳት እንጂ! እናትህን ግን ማን ያጽናናልሃል?» ይለዋል። ተመልካቹ ይስቃል፣ ባላጋራው ይናደዳል። የተናደደ ሰው ደግሞ ፈረሱን የት እንደሚያቆም አያውቅም።

በረንዳው አንድ ሕግ ነበረው። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። ያሸነፈ ሰው የተሸነፈውን ኮቱን አንስቶለት እስከ ቤቱ በር ይሸኘዋል። በመንገድ ላይ ተሸናፊው ራሱ ካላነሳው በስተቀር አሸናፊው ስለ ጨዋታው አንዲት ቃል አይተነፍስም። ስለ ዝናብ ያወራል፣ ስለ ልጆች ያወራል። በረንዳው ላይ እንዳሻው ሲሰድበው ይዋል፤ ከበረንዳው ከወረዱ በኋላ ግን ወንድሙ ነው። በዚያ ከተማ ሽንፈቱን ይዞ ብቻውን ቤቱ የሚገባ ሰው አልነበረም።

ይህ ሰው አንድ ወዳጅ ነበረው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ብሎኗንም ያመጣት እሱ ነው፤ ከድሮ አውቶቡሱ የወለቀች ናት። ሾፌሩ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ይጫወታል፣ ይሸነፋል። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ኮቱን ያነሳለትና ከድልድዩ ማዶ እስካለው ቤቱ ይሸኘዋል። በሩ ላይ ሲደርሱ ሾፌሩ እጁን ይዘረጋና «በል፣ ለሳምንት እንገናኝ» ይለዋል። ፀጉር አስተካካዩም እያፏጨ ብቻውን ይመለሳል። ለብዙ ዓመት እንዲህ ነበር።

አንድ ጊዜ ለሾፌሩ ልጁ ስልክ ላከችለት። ስልኩ ውስጥ ቼዝ ነበረ።

ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ ሳቀ። «ከብርሃን ጋር ነው እንዴ የምትጫወተው?» አለው። ሾፌሩም ሳቀ። ግን አልተወውም። ከእሑድ ውጭ መምጣት ጀመረና ፀጉር አስተካካዩ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደስታው ጠፋ። ሾፌሩ የሚመጣው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ለመጫወት ነበርና። ቤቱ ውስጥ የልጅ ልጆቹ እየነጠቁ አስቸግረውት ነው።

የፀጉር አስተካካዩ መስታወት በረንዳውን ያሳያል። ሰው ሲያስተካክል ፊቱ ወደ መስታወቱ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ደግሞ ሾፌሩ አለ። ሾፌሩ ለስልኩ ይስቃል። ግንባሩን ይመታል። «አይ አንተ! ከየት አመጣሃት?» ይለዋል። ይህ «አይ አንተ» የፀጉር አስተካካዩ ነበር። ለብዙ ዓመት በየእሑዱ ለእሱ ሲባል የኖረ ነው። አሁን ለአንድ መስታወት ለለበሰ ዕቃ ተሰጠ። የፀጉር አስተካካዩ መቀስ ሳተ።

«ጆሮዬን! ኧረ ጆሮዬን!» ብሎ ጮኸ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው።

«ዝም በል፣ ሌላ አለህ» አለው፤ ዓይኑን ግን ከመስታወቱ አልነቀለም።

«ና እንጂ፣ አንድ ጨዋታ» ይለዋል ሾፌሩን ሥራ ሲያልቅለት። «ቆይ አንዴ፣ ይቺን ልጨርስ» ይላል ሾፌሩ። ያቺን ሲጨርስ ሌላ ይጀምራል። ሻዩ ፊቱ ይቀዘቅዛል። ፀጉር አስተካካዩም ፀጉር የሌለበትን ወለል ይጠርጋል።

ቤት ሲገባ ምግብ አይበላም። ሚስቱ ብታየው ብታየው ነገሩ ገባት። «ምን ሆነሃል አንተ? ሰውየው ሁለተኛ ሚስት አግብቶ አንተ የመጀመሪያዋ የሆንክ እኮ ነው የምትመስለው!» አለችው። ተቆጣት። የተቆጣት እውነቷን ስለሆነ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሾፌሩ ከፊቱ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ ዛሬስ ያምርብኛል ብሎ ምላሱን አዘጋጅቶ ነበር። ገና ጥቂት እንደተጫወቱ ሾፌሩ ሰሌዳውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እሱ እንዲህ አይጫወትም ነበር» አለ።

«እሱ ማነው?»

«ስልኩ ነዋ።»

ፀጉር አስተካካዩ ያን ቀን ሾፌሩን አሸነፈው። ድልድዩን ሲሻገሩ ግን ስለ ዝናብም ስለ ልጆችም አላወራም። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «ሳምንት ያንን ዕቃህን አምጣው። እኔና እሱ እንገጥማለን» አለው።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። በእሑዱ በረንዳው ሞላ። ረዳቶቹ ከመናኸሪያው መጡ፤ ጎማ ጠጋኙም እጁን ሳይታጠብ መጣ። ስልኩን ብርጭቆ አስደግፈው አቆሙት። እጅ ስለሌለው ሾፌሩ እጁን አዋሰው። ፀጉር አስተካካዩ የሚጫወተውን ሾፌሩ ስልኩ ላይ ይነካል፣ ስልኩ የሚመልሰውን ደግሞ ሰሌዳው ላይ ያንቀሳቅሳል።

ፀጉር አስተካካዩ በለመደው መንገድ ጀመረ። ፈረሶቹን አወጣ፣ ምላሱንም አወጣ። «እንዴት ነህ አንተ ከዘራ የማትይዝ ሽማግሌ? ቻርጅህን በልተሃል? ሲርብህ ታለቅሳለህ አሉ!» አለው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ስልኩ ግን አልተናደደም። ሾፌሩ ገና ጣቱን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ መልሱ ይመጣል። አይፈራም፣ አይቸኩልም፣ አይደክመውም። ፀጉር አስተካካዩ ወጥመድ ሲዘረጋ ስልኩ ወጥመዱን ከመዘርጋቱ በፊት ያየው ይመስላል። ቀስ በቀስ ሳቁ ቀነሰ። ንግሥቱ ተበላች። ንጉሡ ጥግ ተያዘ፤ መውጫም አጣ። አንድ ሰው ጢሙን ተላጭቶ በማይነሳበት ጊዜ ውስጥ ሁሉም ነገር አለቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ተነሣ። ልማድ ሆኖበት ቆሞ ጠበቀ። የተሸነፈ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ያሸነፈው ኮቱን ያነሳለታል። ኮቱ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ወደ ሾፌሩ አየ። ሾፌሩ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ጨዋታው የት ላይ እንደተበላሸ ወደ ኋላ እየመለሰ ያይ ነበር። ያሸነፈው እሱ ስላልሆነ ሸኝ የሚለው ያለ አልመሰለውም።

 ከዚያ ጎማ ጠጋኙ፣ «ጋሼ፣ ስልኩ እኮ እግር የለውም!» አለና ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ኮቱን ራሱ አንስቶ ሄደ። አሸንፎ ብቻውን መመለስን ያውቅበት ነበር። ተሸንፎ ብቻውን መሄድን ግን አያውቅበትም። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ ሰላም የሚሉትም ያው ሰዎች ናቸው። እሱ ግን ሁሉም የሰሙ መስሎት ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ሄደ።

በነጋታው አንድ የሒሳብ አስተማሪ ሊስተካከል መጣ። ፀጉር አስተካካዩ አስተካክሎት ትከሻውን አራገፈለት። በመጨረሻ፣ «መምህር፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን የስልክ ቼዝ የሚያሸንፍ ሰው አለ?» አለው።

«የለም» አለ አስተማሪው። «በፊት ሰውና ኮምፒውተር ይጋጠሙ ነበር። ማን ያሸንፍ ይሆን ተብሎ ዓለም ሁሉ ይጨነቅ ነበር። አሁን ጥያቄም የለው። የዓለም አንደኛው ሰው ራሱ አብሮት ቢቀመጥ፣ እኩል ቢወጣ ትልቅ ነገር ነው። ለዚያ ቤት የሚያክል ማሽን አያስፈልግም፤ ኪስ ውስጥ የምትገባው ትበቃዋለች።»

«አንደኛውንም?»

«አንደኛውንም ጋሼ። እርስዎ አይዘኑ።»

«ታዲያ እነዚያ ሰዎች ለምን ጨዋታውን አይተዉትም?»

«ለምን ይተዋሉ? ከሱ ይማራሉ። ከተማሩ በኋላ ሄደው እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ። ሰው ተሰብስቦ የሚያየውም የእነሱን ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲሰማ ትንሽ ቀለለው። እሱ ብቻ አልነበረማ የተሸነፈው! ግን ማታ ራቱ ላይ ሲቀመጥ ያ ነገር እንደገና መጣበት። የቀናሁት በጉብዝናው ቢሆን ኖሮ ይሄ ያሳርፈኝ ነበር፣ ብሎ አሰበ። አላሳረፈውም። የሚያቃጥለው የስልኩ ጉብዝና አልነበረም። የሚያቃጥለው ያ «አይ አንተ» ነበር።

ሲነጋ ሰሌዳውን ከበረንዳው አንስቶ መጫወቻዎቹን በፎጣ ጠቀለለና ከመስታወቱ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ጣላቸው። ጨዋታ የጠየቀውን ሁሉ «ጨዋታ የለም። ካማራችሁ ስልክ ነካኩ» ይል ጀመር። ሰዎቹ አንድ በአንድ መምጣት ተዉ። አግዳሚው ባዶ ሆነ። የበረንዳው ሕግም አብሮ ሊረሳ ነበር፤ ጨዋታ ከሌለ ተሸናፊ የለም፣ ተሸናፊ ከሌለም የሚሸኝ የለም።

እሑድ ሾፌሩ መጣ። በረንዳውን አየ።

«ሰሌዳው የት ሄደ?»

«ጓደኛህን ጠይቀው።»

«የቱን ጓደኛዬን?»

«ኪስህ ውስጥ ያለውን!»

ሾፌሩ ሊስቅ አፉን ከፈተ። የፀጉር አስተካካዩን ፊት ሲያይ ግን ዘጋው። ገብቶ መስተካከያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ።

«አንተ ሰውዬ» አለ ሾፌሩ። «ስንት ዓመት ነው ቤቴ ድረስ የሸኘኸኝ? እኔ አንተን ሸኝቼህ አውቃለሁ?»

«አሸንፈኸኝ ታውቃለህና ነው!»

«እኮ! አሸንፌህ አላውቅም። በየእሑዱ ኮቴን ታነሳልኛለህ፣ ድልድዩን ታሻግረኛለህ፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለህ። እኔ በሬን ዘግቼ እገባለሁ። አንተ ግን ያን ሁሉ መንገድ ብቻህን ትመለሳለህ። አንድ ቀን እንኳ እኔ አንተን በርህ ላይ ላድርስህ ብዬ ተመኘሁ። እንዳልሸኝህ ሕጉ አሸናፊ ነው የሚሸኘው ይላል። እንዳላሸንፍህ ደግሞ የማውቀውን ሁሉ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ባንተው ብልሃት እንዴት ላሸንፍህ? ስልኩ ሲመጣ፣ ከዚህ ብማር ይሻላል አልኩ። ታዲያ አንተ…» ራሱን ነቀነቀ። «አይ አንተ!» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን አዞረና እጁን ወደ መደርደሪያው ዘርግቶ ፎጣውን አወረደ።

ተጫወቱ። ስልኩን ሾፌሩ ምላጭ የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ፀጉር አስተካካዩ ሆን ብሎ አልተሸነፈም። ያንን ቢያደርግ ወዳጁን መስደብ ነበር፤ ሾፌሩም ያውቅበታል። ያለውን ሁሉ ጣለ፣ ምላሱንም ጭምር። «ቀስ ብለህ ንዳው፣ ፊት ለፊትህ ገደል ነው!» ይለዋል። ሾፌሩ ግን አሁን አይናደድም። ይህንንም ከስልኩ ተምሮታል። ሰው በረንዳውን እንደገና ሞላው። ፀጉር አስተካካዩ በሁለቱ ፈረሶች ላይ ዓይኑን ተክሎ ሳለ፣ ማንም ያልጠረጠራት ብሎን በዳር በኩል ቀስ እያለች ሄዳ ሄዳ ከመጨረሻው ሰልፍ ደረሰች። እዚያ የደረሰ ወታደር ንግሥት ይሆናልና ብሎኗም ንግሥት ሆነች። ጨዋታው አለቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ተነሥቶ ቆመ። ሾፌሩ ወደ ሚስማሩ ሄዶ ኮቱን አወረደለት።

የፀጉር አስተካካዩ ቤት ቅርብ ነበር። ሾፌሩ ግን በአቋራጩ አልወሰደውም፤ በገበያው አዙሮ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ወሰደው። ስለ ዝናብ አወራለት። ስለ ልጆቹ ጠየቀው። ሰላም የሚሏቸው ሰዎች ኮቱ በማን እጅ እንዳለ አይተው ፈገግ አሉ፤ ፀጉር አስተካካዩ ግን ዓይኑን መሬት ላይ አልጣለም። በሩ ላይ ሲደርሱ ያን ጊዜ ብቻ ጨዋታውን አነሳ።

«ብሎኗን አላየኋትም» አለ።

«እኔ ነኝ እኮ ያመጣኋት» አለ ሾፌሩ።

ፀጉር አስተካካዩ እጁን ዘረጋ። «በል፣ ለሳምንት እንገናኝ» አለው።

ምሳሌው ይኸው ነው። እንግዲህ ትርሲት፣ ስልክ ሰውን ያሸንፋል ወይ ከሆነ ጥያቄሽ፣ አዎ ያሸንፋል። አንቺን፣ ትምህርት ቤታችሁን በሙሉ፣ የዓለምን አንደኛም ያሸንፋል። ያ ያለቀ ነገር ነው፤ አትናደጂበት። መኪናም ከሯጭ ይፈጥናል፣ ሯጮች ግን ጫማቸውን አላወለቁም። ስልክሽ አሸንፎሽ ሲያበቃ መብራቱን አጥፍቶ ዝም ይላል። መሸነፍሽን አያውቅም። አንደኛ መውጣትሽ የሚፈይደው፣ አንቺን ለማሸነፍ ብሎ የሚደክም ሰው ካለ ነው፤ ሲያሸንፍሽም ሆነ ሲሸነፍልሽ አብሮሽ በር ድረስ የሚሄድ።

ስጀምር፣ ፀጉር አስተካካዩ አንቺ ነሽ ልልሽ ነበር። አንደኛ ነበርሽ፣ ስልኩ መጣ፣ ተሸነፍሽ፣ ሰሌዳሽን አልጋ ስር ከተትሽ። ይመሳሰላል። ግን እየጻፍኩ ስሄድ ቅናቱ በዛብኝ። አንቺ በስልኩ ተናደድሽ እንጂ አልቀናሽም። ታዲያ ይህን ሁሉ ቅናት ከየት አመጣሁት ብዬ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆየሁ። ከራሴ ነው ያመጣሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጀርባሽ ተቀምጬ አያለሁ። ለስልኩ ትስቂለታለሽ፣ ትሰድቢዋለሽ፣ «ቆይ ብቻ፣ አገኝሃለሁ!» ትዪዋለሽ። ለእኔ የምትዪኝ «አታጥብቂው» ብቻ ነው።

ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር አለኝ። ቼዝ እችላለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከራስሽ በላይ አሻግሬ እያየሁ ተማርኩት። ሰሌዳሽን ካወጣሽው ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቤታችን ቅርብ ቢሆንም በገበያው ዞረን ልንሸኛኝ እንችላለን። ሹሩባሽን የማዘገየው እጄ ስለሚፈዝ አይደለም፣ ጨዋታው ሳያልቅ ሹሩባው እንዳያልቅብኝ ነው። አንድ ቅዳሜ ፀጉርሽን ስቤሽ «ኧረ ነቀልሽኝ!» ብለሽ የጮህሽብኝ ትዝ ይልሻል? እጄ ስቶ አልነበረም። ፈረስሽን ልታነሺው ስትይ ነው፤ ከኋላው ንግሥትሽ ልትበላ ነበር።